የበጎ ፈቃዱ ወጪ በየትኛው መዝገብ ይገባል?

ሰኔ ሲጋመስ በየወረዳው የክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሽር ጉድ ይጀመራል። ቲሸርትና ኮፍያ ይታደላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ባለሥልጣኑም የመጀመሪያዋን ሚስማር ይመታል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሪፖርቱ ይመጣል። ይህን ያህል የአቅመ ደካማ ቤት ታደሰ፣ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፣ ይህን ያህል ተማሪ የማጠናከሪያ ትምህርት አገኘ ይባልና ሥራው በሚሊዮን ብር ተገምቶ ይነገረናል። ልብ ብላችሁ ከሆነ የሚነገረን የጉልበቱ ግምት ነው፤ የወጣው ገንዘብ ግን አይነገረንም።

ወጣቱ ጉልበቱን በነጻ ሰጠ ማለት ሥራው ያለ ወጪ ተሠራ ማለት አይደለም። ሲሚንቶ አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ የአስተባባሪ አበል አለ። ይህን ማን ይከፍላል? ማንስ ይቆጣጠራል? መልሱ አገልግሎቱን እንደሚሰጠው አካል ይለያያል፤ ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል።

አገልግሎቱን የሚሰጠው በሕግ የተመዘገበ ማኅበር ከሆነ ቁጥጥሩ ጥብቅ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 “የኢትዮጵያ” ተብሎ የተመዘገበ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘውን ገንዘብ በ10 በመቶ፣ አስተዳደራዊ ወጪንም በ30 በመቶ ገድቦ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1113 የውጭ ገንዘቡን ገደብ አነሳ። አስተዳደራዊ ወጪውን ግን ይባስ ብሎ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ አደረገ። የቢሮ ኪራይ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የኦዲት ክፍያ ሳይቀር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሒሳብህን አስመርምር ይልሃል፤ የመርማሪውን ክፍያ ግን ከዚያችው ከጠባቧ 20 በመቶ ላይ ትቀንሳለህ! ትልቅ ድርጅት ይችለዋል። በሰፈር ልጆች መዋጮ ለሚንቀሳቀስ ማኅበር ግን ከባድ ነው። በአንጻሩ ይኸው አዋጅ በጎ ፈቃደኝነትን የሚያበረታታ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ እንዲቋቋም መደንገጉ ጥሩ እርምጃ ነበር።

አገልግሎቱን የሚመራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆንስ? ከበጀት የወጣ ገንዘብ ከሆነ ጥያቄ የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ ዋናው ኦዲተር ይመረምራል፤ ክልሎችም አዲስ አበባም የየራሳቸው ዋና ኦዲተር አላቸው። ምናልባት ደረሰኙ የማይጠፋው ቲሸርቱ ነው፤ በፕሮፎርማ ተገዝቷልና።

ጭንቁ ያለው በዓይነት በሚሰጠው ላይ ነው። አንድ ነጋዴ 50 ቆርቆሮ ለወረዳው ቢሰጥ ንብረቱ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ ለሥራው መዋል ነበረበት። በተግባር ግን ቆርቆሮው ከሱቅ በቀጥታ ወደሚታደሰው ቤት ቢሄድ ማን ይመዘግበዋል? በበጀት ያልተያዘ፣ በደረሰኝ ያልገባ ንብረት ለኦዲተር የለም ማለት ነው። ሃምሳ ተሰጥቶ ሠላሳው ቢመታ፣ የሃያውን ነገር የሚያውቁት ሰጪውና ተቀባዩ ብቻ ናቸው። የወቅቱም ነገር አለ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። መዋጮው በሰኔ ተሰብስቦ ሥራው በሐምሌና በነሐሴ ሲሠራ አንዱ ዘመቻ በሁለት የሒሳብ ዓመት ይከፈላል። የአንዱን ዓመት መዝገብ ብቻ ገልጦ የሚያይ ሰው ሙሉውን አያገኘውም።

ለወጣቱ የሚሰጥ ገንዘብ ሕግ አያውቀውም እንዳይባል፣ በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ራሱን የቻለ አዋጅ፣ ቁጥር 995፣ ወጥቶለታል። ያ ግን ብድር ነው። ብድር ተመላሽ ስለሆነ ይመስለኛል የተጠነቀቁለት።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጣጣ ለምን ያስፈልጋል ለሚል አንባቢ አንድ ጥያቄ ላንሳ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ የወደቀን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ማን ያሳክመዋል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ላይ ጉዳት ካሳን የሚያውቀው በደመወዝ ለተቀጠረ ሠራተኛ ነው። በጎ ፈቃደኛው ደመወዝ የለውም፤ ስለዚህ በዚህ አዋጅ ሠራተኛ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ኃላፊነት ከሶ ካሳ መጠየቅ ይችል ይሆናል። ግን ማንን ይክሰስ? ወረዳውን? ቆርቆሮ የሰጠውን ነጋዴ? የቤቱን ባለቤት አሮጊት? ዘመቻው የራሱ የሒሳብ መዝገብ ቢኖረው ከወጪ ርዕሶቹ አንዱ “የበጎ ፈቃደኞች ኢንሹራንስ” ይሆን ነበር። መዝገቡ ሳይኖር ግን ርዕሱም የለም፤ ለሕክምናው ሰፈሩ ተዋጥቶ ይከፍላል።

ይህን ለማስተካከል አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ወረዳው ክረምት ከመግባቱ በፊት ከማን ምን እንደተቀበለ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ለየትኛው ቤት ምን እንዳዋለ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ። ቆርቆሮ የሰጠው ነጋዴም መጥቶ ይቁጠር።