የቤት ደህንነት ካሜራና የሌባ ማንነት ጥያቄ፦ ከጎጃም ከተሞች አንጻር

በጎጃም ገጠር ከብት ሲነዳ ወይም ጎተራ ሲሰበር ተበዳዩ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ማን ወሰደው?» የሚል ነው። ኅብረተሰቡ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ያበጃቸው ሥርዓቶች ረጅም ዕድሜ አላቸው። በአውጫጭ፣ በሌላ ስሙ በአፈርሳታ፣ የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደየሥራው እንዳይመለስ ይደረግ ነበር። በሌባሻይ ደግሞ መድኃኒት የተሰጠው ልጅ ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተመራ ይሄድና፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይቆጠር ነበር። አውጫጭ ቢያንስ የብዙ ሰዎችን ዕውቀት ያሰባስብ ነበር፤ ሌባሻይ ግን ስንቱን ንጹሕ ሰው ለዕዳ እንደዳረገ መገመት አያዳግትም፤ በኋላም በመንግሥት ተከልክሏል። ዛሬ በመራዊ፣ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም አንድ የቤት ባለቤት በግቢው ላይ የደህንነት ካሜራ ሲያስገጥም የሚጠብቀው መልስ ለዚሁ ጥያቄ ነው። ካሜራው መልሱን በምን ሁኔታ ሊሰጥ እንደሚችል፣ በምን ሁኔታስ እንደ ሌባሻይ በስሕተት ሊጠቁም እንደሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

መከላከል ወይስ ማስረጃ?

ኮኸንና ፌልሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ስርቆት የሚፈጸመው ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜና ቦታ ሲገናኙ ነው፦ ለመስረቅ የተነሣሣ ሰው፣ የሚመች ዒላማ እና የብቁ ጠባቂ አለመኖር። ካሜራ በራሱ ጠባቂ አይደለም። የጠባቂ ዓይን ሊሆን የሚችለው ከዓይኑ በስተጀርባ ተመልክቶ እርምጃ የሚወስድ ሰው ሲኖር ነው። ይህ አስተሳሰብ በቤት ደህንነት ካሜራ አጀማመር ላይም ይታያል። በኒው ዮርክ ከተማ በኩዊንስ ትኖር የነበረችው ነርስ ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ያመለከተችበትና በታኅሣሥ 1969 የፈጠራ መብት ያገኘችበት መሣሪያ፣ በበሩ ቀዳዳዎች ልክ ከፍና ዝቅ የሚል ካሜራ፣ የምስል መመልከቻ፣ የድምፅ መነጋገሪያና እርዳታ መጥሪያ ነበረው። ንድፉ ከመነሻው በቤት ውስጥ ሆኖ የሚመለከት ሰው እንዳለ ያስባል።

ፒዛ፣ ዌልሽ፣ ፋሪንግተንና ቶማስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት የ40 ዓመታት ጥናቶች ግምገማም ወደዚሁ ያመለክታል። በ76 ግምገማዎች ስሌት ካሜራ በተተከለባቸው ሥፍራዎች የወንጀል መጠን ካልተተከለባቸው ጋር ሲነጻጸር 13 በመቶ ያህል ቀንሷል። ውጤቱ ከሁሉ ይበልጥ የጎላው በመኪና ማቆሚያዎች ሲሆን በመኖሪያ አካባቢዎችም ታይቷል፤ በኃይል በሚፈጸሙ ወንጀሎች ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልተገኘም። በሰው ክትትል የሚደረግባቸውና ከሌሎች የጥበቃ ዘዴዎች ጋር የተቀናጁት ካሜራዎች የተሻለ ውጤት አስገኝተዋል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ጥናቶች የተካሄዱት በእንግሊዝና በአሜሪካ፣ ያውም በሕዝብ መገልገያ ሥፍራዎች ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ መራዊ ማሸጋገር አይገባም። የሚሸጋገረው የውጤቱ አቅጣጫ ነው፤ በመራዊ ለ«ሰው ክትትል» የሚቀርበው ዘበኛው፣ ውሻው፣ ጎረቤቱና ሮንድ የሚወጣው ነዋሪ ነው። ካሜራ የገዛ ሰው ዘበኛውን ቢያሰናብት የጥበቃውን ዋና ክፍል አፍርሷል ማለት ይቻላል።

ምስሉ ማንን ያሳያል?

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነጥብ ላይ ነው። አይኢሲ 62676-4 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የቀድሞ እትም (እ.ኤ.አ. 2014) መሠረት አንድን የማይታወቅ ሰው ያለ ጥርጥር ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል ያስፈልጋል። ቀድሞ የሚታወቅን ሰው ለማወቅ 125፣ ሰው መኖሩን ብቻ ለመረዳት ደግሞ 25 ይበቃል። የተለመደው ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ አግድም 1920 ፒክስል አለው። አግድም 100 ዲግሪ ያህል የሚያይ ሌንስ ከተገጠመለት ሰው መኖሩን እስከ 32 ሜትር ድረስ ያሳያል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ለመለየት ግን ከ6 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ የማያውቁትን ሰው ፊት በእርግጠኝነት ለመለየት የሚያስችለው እስከ 3 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ተሰቅሎ ግቢውን በሙሉ የሚያሳይ አንድ ካሜራ «ሰው ገብቷል» ይላል እንጂ «እገሌ ነው» አይልም። ለዚህ መፍትሔው ሰፊውን ካሜራ ለግቢው ትቶ፣ ጠባብ እይታ ያለውን ሌላ ካሜራ በውጭ በር መግቢያ ላይ፣ ከሰው ቁመት ብዙ ሳይርቅ መትከል ነው።

ሌሊት ችግሩ ይብሳል። ካሜራው በታሕተ ቀይ ብርሃን ሲሠራ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ አንዳንድ ጥቁር ጨርቅም በዚህ ብርሃን ነጣ ብሎ ሊታይ ይችላል። በዚህ ምክንያት «ጥቁር ኮት የለበሰ» የሚለው የዓይን ምስክር ቃልና ምስሉ ቢለያዩ ምስክሩ ዋሽቷል ማለት አይደለም። በአጠገቡ ያለ የቆርቆሮ አጥር ብርሃኑን መልሶ ምስሉን ያነጣዋል፤ የሸረሪት ድርም እንዲሁ። በደጋው ብርድ ጋቢ እስከ አፍንጫ ተከናንቦ በሌሊት መሄድ የማንኛውም ሰላማዊ ሰው ልማድ እንደሆነም መዘንጋት የለበትም። እንዲህ ካለ ምስል ላይ ተነሥቶ «የእገሌ ልጅ አረማመድ ነው» ማለት ገመዱን እንደገና በሌባሻዩ ልጅ ወገብ ላይ ማሰር ነው።

መብራት፣ ማኅደርና ኢንተርኔት

አራት ካሜራዎች እያንዳንዳቸው 5 ዋት፣ መቅረጫው 15 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 35 ዋት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሽ አቅሙ ብቻ ጥቅም ላይ ቢውል 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም መብራት ለጠፋበት ሙሉ ሌሊት ከበቂ በላይ ነው። እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢልክ አራቱ በቀን 86 ጊጋባይት ገደማ ይሞላሉ፤ 1 ቴራባይት ማኅደር 11 ቀን ተኩል ያህል ይይዝና አሮጌውን በአዲሱ ይተካል። መቅረጫው ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ከተቀመጠ ሌባው ማስረጃውን አብሮ ይዞት ይሄዳል።

ምስልን በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ማኅደር የሚልኩ ካሜራዎች ይህን ችግር ያስወግዳሉ ተብለው ይሸጣሉ። ነገር ግን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በግንኙነቱ ላይ ብቻ የተመሠረተ መሣሪያ በዚያ ጊዜ ከጌጥ አያልፍም። በቦታው የሚቀርጽ መሣሪያ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ለዚህ አካባቢ ይሻላል። ኢንተርኔቱ ሲኖር ደግሞ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል አለመቀየር ሌላ በር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዚሁ ቀዳዳ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን ተቆጣጥሮ ለጥቃት ተጠቅሞባቸዋል።

ከአጥር ማዶ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም በሥራ ላይ ውሏል። የግቢ ካሜራ የጎረቤትን ጓሮ ወይም የመንገዱን ተላላፊ ሲቀርጽ የሚነሣውን ጥያቄ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በመዝገብ ቁጥር ሲ-212/13 ተመልክቶታል። መስኮቱ የተሰበረበት አንድ የቼክ ዜጋ ቤቱን ለመጠበቅ የተከለው ካሜራ የሕዝብ መንገድንም ስለሚቀርጽ «የግል የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ» ሊባል አይችልም ሲል ፍርድ ቤቱ ወስኗል፤ ያም ሆኖ ንብረትንና ሕይወትን የመጠበቅ ጥቅም በሚዛኑ እንደሚገባ አልካደም። ውሳኔው ኢትዮጵያን ባያስገድድም በግርግዳ ለተያያዙ የመራዊ ግቢዎች የቀረበ ምሳሌ ነው።

ከዚህ ይልቅ አሳሳቢው፣ ምስልን ወደ ፖሊስ ከመውሰድ በፊት «ሌባው ይኸውላችሁ» ብሎ በቴሌግራም መበተን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ያዛል፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ ስሙ አንዴ የጠፋ ሰው ደግሞ ከእድሩም ከገበያውም ይርቃል።

ምስሉ ለፖሊስ በሚቀርብበት ጊዜ የሰዓት አቆጣጠሩ የራሱ ጣጣ አለው። መቅረጫው 02፡00 ሲል የተበዳዩ ቃል «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ይላል፤ ቀኑም በመሣሪያው የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ነዋሪው ግን እስኪነጋ ድረስ የትናንቱን ሌሊት ይቆጥራል። የውስጥ ባትሪው የደከመ መቅረጫ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከናካቴው ወደ ፋብሪካው ቀን ሊመለስ ይችላል። የሰዓቱ ልዩነት በቃል መስጫው ላይ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ከሦስት ሜትር ላይ የተነሣ ጥርት ያለ ፊት እንኳ የሌላ ሌሊት ፊት ነው ተብሎ ሊሞገት ይችላል፤ ቅጂውም 11ኛው ቀን ከማለፉ በፊት መወሰድ አለበት።