ነገርን ከሥሩ፦ «ግጭት» ማለት ምን ማለት ነው?

እናንተ ፊደል ለይታችሁ ማንበብ የጀመራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች! ዛሬ ስለ አንድ ቃል እንጫወት። ቃሉ አጭር ነው፤ ሦስት ፊደል ብቻ። ግ፣ ጭ፣ ት። ግጭት።

«አንድ ቃል ምን ያህል ያነጋግራል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። አሁን ግን አይደለም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ዳር ላይ፣ ማታ ማታ ንባብ ከማስተምራቸው ሰዎች መካከል አንድ አባት አሉ። ሁላችንም «አባባ» ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ይህን ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «እስቲ አባባ፣ ያንብቡልን» አልኳቸው። ተነሡ፤ ዓይናቸውን አጥብበው «ግ... ጭ... ት። ግጭት!» አሉ። ክፍሉ አጨበጨበ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቃል እኮ ነው ጎረቤቴን ያሳጣኝ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባና ጎረቤታቸው በእርሻ ድንበርተኛ ነበሩ። አንድ ክረምት ጎረቤትየው ሲያርስ ሁለት ትልም ያህል አልፎ ገባ። አባባ «ድንጋዩ እዚህ ነበር» አሉ፤ እሱ «የለም፣ እዚያ ነበር» አለ። ተነጋገሩ፤ ድምፅም ከፍ አለ። ነገር ግን ማንም ማንን አልመታም። ዱላም አልተነሣም።

አባባ አቤቱታ ለማጻፍ ሄዱ። ጸሐፊው «ምን ሆነው ነው?» አላቸው። «ከጎረቤቴ ጋር በድንበር ተጋጨን» አሉት። እሱም «በመካከላችን ግጭት ተፈጥሮ» ብሎ ጻፈ። የተጻፈውን ማን ያንብብ? አባባ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ወረቀቱን የተቀበለው ሰው «ግጭት» የሚለውን ሲያይ «ይሄማ የፖሊስ ጉዳይ ነው» አለ። ጎረቤትየው ተጠርቶ አንድ ሌሊት ታስሮ አደረ።

ከዚያ ወዲያ የድንበሩ ነገር ተረሳ፤ ቂም ተወለደ። ልጆቹ ሰላምታ ነሱ። በለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ተሰጣጡ። አያችሁ፣ በመጀመሪያ የጠፋው ሁለት ትልም መሬት ነበር። ያልታወቀ ቃል ሲጨመርበት ጎረቤት ጠፋ።

ቃሉ ከየት መጣ?

አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እኛም ቃሉን ከሥሩ እንየው።

«ግጭት» የመጣው «ገጨ» ከሚለው ነው። ሰው ጎንበስ ሳይል በሩን ሲገባ ግንባሩን ከመቃኑ ጋር ይገጫል። ሁለት ሲሆኑ ደግሞ «ተጋጩ» እንላለን። ሁለት ገንቦ ይጋጫል። ሁለት መኪና ይጋጫል። እንግዲህ ግጭት ማለት ከሥሩ፣ ሁለት ነገር ተላትሞ መመታታት ነው።

የሚገርማችሁ፣ ፈረንጆችም ያሰቡት እንደኛው ነው። በእንግሊዝኛ ግጭትን «ኮንፍሊክት» ይሉታል። ቃሉ ከጥንቱ የሮማውያን ቋንቋ፣ ከላቲን የመጣ ነው። «ኮን» ማለት አንድ ላይ ነው፤ የቀረው ደግሞ መምታት ማለት ነው። አንድ ላይ መመታታት! ባሕር የለያቸው ሕዝቦች በአንድ ሐሳብ ተገናኙ ማለት ነው።

አንድ ሌላም ልጨምር፤ ይሄኛው ገበሬን ይመለከታል። ፈረንጆች ተቀናቃኝን «ራይቫል» ይሉታል። ይህም ከላቲን የመጣ ሲሆን የጥንት ትርጉሙ ከአንድ ወንዝ ውኃ የሚጋራ ሰው ማለት ነበር። ከላይ ያለው ሲጠልፍ ከታች ያለው ይደርቅበታል፤ ጎረቤት ተቀናቃኝ ይሆናል። ይህን ለእናንተ ማስረዳት ያስፈልጋል? በመስኖ ተራ የተከራከረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁሉም ግጭት ነው እንዴ?

አይደለም! ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ገበሬ ጤፍን፣ ስንዴንና ገብስን በአንድ ጎተራ አይደባልቅም። ቃልም እንደዚያው ነው። አንድ በአንድ እንለያቸው።

ነገር። በግዕዝ «ነገር» ማለት ንግግር፣ ጉዳይ ማለት ነው። እኛም «ነገር አለኝ» ስንል ያልተቋጨ ጉዳይ አለኝ ማለታችን ነው። ነገር ገና በአፍ ያለ ነው። ማንም አልተጎዳም።

ክርክርና ሙግት። እነዚህም በአፍ ናቸው፤ ነገር ግን ሰሚ አላቸው፤ ዳኛ ወይም ሽማግሌ። በጥንት ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው በነጠላ ታስሮ ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። መንገደኛም «በሕግ አምላክ!» ከተባለ ይቆም ነበር። አባቶቻችን ሙግትን አያፍሩበትም ነበር፤ ሙግት ያለ ዱላ መብትን መጠየቂያ ነውና።

ጠብ። ይህ ቃል ታሪክ አለው። በግዕዝ «ጸብእ» ማለት ጦርነት ማለት ነው። የግዕዙ «ጸ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ጠ» ይሆናል፤ ጸጉር ጠጉር፣ ጸሐይ ጠሐይ እንደሚባለው። ስለዚህ ጸብ ጠብ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ «ጸባዖት» ሲባል ሰምታችኋል። እሱም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን የሠራዊት ማለት ነው። የጥንቱ የሠራዊት ቃል ዛሬ የሁለት ጎረቤት ኩርፊያ መጠሪያ ሆነ። አደራችሁን፣ ጠብ ተመልሶ ወደ ጥንት ትርጉሙ እንዳይሄድ!

ውጊያ። «ወጋ» ከሚለው ነው። በሬ በቀንዱ ይወጋል፤ ሰው በጦር ይወጋል። እዚህ ደም አለ።

ጦርነት። «ጦር» የእጅ መሣሪያ ነው። ጦር የያዘው ሠራዊትም «ጦር» ይባላል። ጦር ያነሡ ብዙዎች ሲገናኙ ጦርነት ይሆናል።

እንግዲህ ከነገር እስከ ጦርነት መሰላል አለ። አባባ የቆሙት በመጀመሪያው እርከን ላይ ነበር፤ ጸሐፊው በአንድ ቃል ሦስት እርከን አወጣቸው።

አንድ ቃል አገር ያጋጫል

ይህ በአባባ ብቻ የደረሰ አይደለም። በኢትዮጵያ ታሪክም አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከኢጣሊያ መንግሥት ጋር በውጫሌ ውል ተዋዋሉ። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላክ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይቻለዋል የሚል ነበር። ቢፈልግ ያደርገዋል፤ ባይፈልግ ይተወዋል። የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በዚህም ኢጣሊያ ለዓለም «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» አለች። ምኒልክ አልቀበልም አሉ። መጨረሻው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሆነ።

እርግጥ ኢጣሊያ አገሩን ፈልጋ ነበር፤ ቃሉ ሰበብ ነበር። ልብ በሉ ግን፦ በ«ይቻላል» እና በ«ግዴታ» መካከል ያለውን ልዩነት ማንበብ የቻለ ሰው ነው ነገሩን የገለጠው። የምትፈርሙትን አንብቡ የምንለው ለዚህ ነው።

«ግጭት ተፈጠረ» ሲባል ጠይቁ

በሬዲዮ «በአካባቢው ግጭት ተፈጠረ» ሲባል ትሰማላችሁ። ተፈጠረ? ማን ፈጠረው? ዝናብ እንኳ ደመና አለው። ይህ አነጋገር ማን መታ፣ ማን ተመታ፣ በምን ምክንያት የሚለውን ይሸፍናል።

በዚሁ በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በሰኔ 2008 ዓ.ም. በሐና ማርያም አካባቢ «ሕገ ወጥ ናቸው» የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ ረብሻ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ዜናው «ግጭት» አለው። ከቃሉ በስተጀርባ ግን ብዙ ነገር አለ፤ መሬት አለ፣ የእርሻ መሬት ወደ ቤት መሥሪያነት መለወጡ አለ፣ መጠለያ ያጣ ቤተሰብ አለ፣ ሥራ ላይ እንዳለ የሞተ ሰው አለ። ቃሉን ብቻ የሰማ ሰው ከዚህ አንዱንም አያውቅም።

ትልቁም ጦርነት እንደዚሁ ብዙ ስም ነበረው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ሲጀመር መንግሥት «ሕግ ማስከበር» አለው። ሕዝቡ «ጦርነት» አለው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት ደግሞ በአማርኛ «ግጭትን በዘላቂነት ማቆም» ተባለ። ልጇን ያጣች እናት ዘንድ ግን ስሙ አንድ ነው፤ ሐዘን ነው።

ስለዚህ ግጭት የሚለውን ቃል ስታነቡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን ከማን ጋር? በምን ምክንያት? ማን ተጎዳ?

የማስታረቂያ ቃላትም ሥር አላቸው

መቼም የሚያጣላ ቃል ብቻ አይደለም ያለን። «ሽምግልና» ከሽማግሌ ይመጣል። ላፍቶ የኦሮምኛ ስም ነው፤ የግራር ዓይነት ነው። በዚያው በኦሮምኛ እርቅን «ጃርሱማ» ይሉታል፤ «ጃርሳ» ማለት ደግሞ ሽማግሌ ነው። በሁለቱም ቋንቋ የእርቅ ስም የተወሰደው ከሽበት ነው። በኦሮሞ ባህል እናቶችም ሲንቄ የምትባለውን በትራቸውን ይዘው በሚጣሉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ ጠቡ መቆም አለበት።

«ውሳኔ»ስ? «ወሰን» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ወሰነ ማለት ድንበር አበጀ ማለት ነው፤ ወሰነ ማለት ደግሞ ቁርጥ ነገር ተናገረ ማለት ነው። ጥሩ ውሳኔ እንደ ጥሩ ድንበር ነው፤ ሁለቱም ወገን ቆሞ ያየዋል። ለዚህ ነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም የፍርድ ሸንጎም እንዲኖራቸው ያደረገው። በዚያን ጊዜ የመሬት ክርክር መሬቱን በሚያውቁት ሰዎች ፊት ይታይ ነበር።

በሕግም ቢሆን ትክክለኛ ቃል አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1149፣ በእጁ ያለ ይዞታ የተነካበት ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ሁለት ዓመት ካለፈ ግን አይሰማለትም። አያችሁ? «ግጭት» አይልም። «ሁከት ይወገድልኝ» ነው የሚለው። ቃሉን የሚያውቅ ሰው በሩን ያውቃል።

አባባ የጻፉት

አባባ ከዚያ ቀን በኋላ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። በራሳቸው እጅ፣ መስመሩ እየተጣመመ፣ እንዲህ ጽፈዋል፦ «ጎረቤቴ በእርሻዬ ሁለት ትልም ገባ። አልተማታንም። ድንበሩ ይለካልን።» ሦስት መስመር ብቻ።

ወረቀቱን ለሽማግሌዎች ሰጡ። ሽማግሌዎቹ ለጎረቤትየው አነበቡለት። እሱም «እኔን መታኝ አላለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። «አላለም፤ ይኸው» አሉት። ድንበሩ በገመድ ተለካ፤ ድንጋዩ ተተከለ። ቂሙ ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ ልጆቹ ዛሬም ፊታቸው አልተፈታም። ነገር ግን ባለፈው በዓል ጎረቤትየው በአባባ ደጅ ሲያልፍ «እንዴት ዋሉ?» ብሏል። አባባ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ውኃ ሞላ።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ልጨርስ። «ተጋጨ» እና «ተስማማ» የሚሉትን ጻፉና ተመልከቱ። ሁለቱም በ«ተ» ይጀምራሉ። «ተጋጨ» ከ«ገጨ» ይመጣል፤ እርስ በርስ መመታታት ነው። «ተስማማ» ደግሞ ከ«ሰማ» ይመጣል፤ እርስ በርስ መደማመጥ ነው።

ለመልመጃ

1. ጠብ፣ ክርክር፣ ውጊያ፣ ነገር፣ ጦርነት። እነዚህን ከትንሹ ወደ ትልቁ በተራ ጻፉ።

2. በቅርቡ በሬዲዮ የሰማችሁትን አንድ «ግጭት» አስታውሱ። ማን ከማን ጋር? በምን ምክንያት? ማን ተጎዳ? መልሱን በሦስት መስመር ጻፉ።

3. ለሽማግሌ የምታቀርቡት ነገር ካላችሁ «ግጭት» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ የሆነውን ብቻ ጻፉ። ከመፈረማችሁ በፊት ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።