የነጠላ ጫማ ሶል እና የክራር ገበቴ

ከጭሮ እስከ ሂርናና በደሳ ባለው የጨርጨር ደጋ ዋንዛ በየማሳው መካከል ቆሞ ይታያል። ለመጥረቢያም ለሞረድም የሚታዘዝ እንጨት ስለሆነ በርና መስኮት ብቻ ሳይሆን ክራርና በገናም ይሠራበታል። የክራሩን ገበቴ ጠርቦ ማውጣት ጉልበት ይጠይቃል እንጂ ብዙ አያሳስብም። ፈተናው ማለስለሱ ላይ ነው።

ጀማሪ ብርጭቆ ወረቀቱን በጣቶቹ ይዞ ያሻል። ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለሚያርፍበት ስፋት ነው፤ ጣት ደግሞ ስፋቱ ትንሽ ነው። እንጨቱ ጣቶቹ ባለፉበት ይበላል፣ በመካከላቸው ይቀራል። ቫርኒሽ እስኪቀባ ድረስ ማንም ልብ አይለውም፤ ከተቀባ በኋላ ግን ብርሃን ሲያርፍበት ቦይ ቦዩ ይቆጠራል። ወረቀቱን በጠፍጣፋ ጣውላ መጠቅለልም አያዋጣም። ጣውላው ክቡን የሚነካው በአንዲት ቀጭን መስመር ስለሆነ ገበቴው ባለ ብዙ ገጽ ሆኖ ይወጣል።

የሚፈለገው ከጣት የጠነከረ፣ ከጣውላ የላላ ነገር ነው። ያለቀ የነጠላ ጫማ ሶል ለዚህ ይበቃል። ሶሉ ለሰፊው ቅስት ይታጠፋል፤ ትንሿን ጉድጓድ ግን ሳይገባባት በላይዋ ያልፋል። ውፍረቱን ማስተካከል ይቻላል፤ ግማሹን ብትሰነጥቁት ለመታጠፍ የሚያሳየው እምቢታ ወደ 1/8 ይወርዳል። ግትርነት ከውፍረት ኪዩብ ጋር ነውና የሚያድገው።

ሶሉን በልክ ለማውጣት ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ብርጭቆ ወረቀቱን ሸካራውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ገበቴው ላይ ዘርጉና ሶሉን እሹበት፤ እየተበላ የገበቴውን ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ ወረቀቱን በኮላ ሶሉ ላይ ለጥፉ።

ለውስጥ ጎድጓዳ የተቆረጠ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ይሆናል፤ ክቡ ከጎድጓዳው ትንሽ ይጥበብ። ከሰፋ በሁለት ጠርዙ ብቻ ያርፍና እንጨቱን ይቧጭራል። የክራሩን ቋሚዎች በተመለከተ፣ ወረቀቱን በቀጭኑ ቀዳችሁ ከጀርባው ጨርቅ ለጥፉና ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውል ወዲያ ወዲህ ሳቡት።

በ80 ቁጥር ወረቀት ጀምሩ፤ ፍሬዎቹ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ይጠጋሉ። የ220ዎቹ 0.07 ገደማ ናቸው። በመካከል 120ን የዘለለ ሰው የ80ውን ጭረት ሲያሳድድ ይውላል። በየደረጃው ገበቴውን በእርሳስ ሞነጫጭሩት፤ ስታሹ እርሳሱ ያልጠፋበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ የጀርባው ልስላሴ ለዓይንና ለእጅ ነው፤ ድምፁን እምብዛም አይለውጠውም። ድምፁን የሚነካው ቆዳው የሚወጠርበት አፍ ነው። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አፉ ወጣ ገባ ከሆነ ውጥረቱ እኩል አይሆንም። እዚህ ላይ ሶሉን ተዉት። ወረቀቱን ወፍራም መስታወት ላይ ለጥፉና ገበቴውን ደፍታችሁ እሹ።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ስለዚህ ደጅ ወጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍናችሁ ሥሩ።