ጎፈሬው ሲሳሳ

ቦንጋ ዛሬ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በ2021 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም መቀመጫ ሆናለች። «ካፋ» የሚለው ስም ግን በንጉሠ ነገሥቱና በደርግ ዘመን ከዛሬው ዞን እጅግ የሰፋ አገር መጠሪያ ነበር። ጅማ በውስጡ ነበረች፤ ለረጅም ጊዜም ዋና ከተማው ሆና ቆይታለች። የዘመናዊ ሙዚቃችን ሁለት ምሰሶዎች የተወለዱት እዚያች ከተማ ውስጥ ነው፤ ዓለማየሁ እሸቴ በ1941፣ ሙላቱ አስታጥቄ በ1943። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሮሊንግ ስቶንሱ ሚክ ጃገርም የተወለደው ልክ እንደ ሙላቱ በ1943 ነው። በጉርምስናው ዓለምን ያስጨፈረ ትውልድ እዚህም እዚያም አንድ ላይ አረጀ። ፀጉሩ ሲሳሳ፣ ድምፁ ሲከብድ፣ ጉልበቱ ሲደክም ምን አደረገ? ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

ፀጉር እንደ ማዕረግ

በአገራችን ፀጉር የወጣትነት ምልክት ከመሆኑ በፊት የማዕረግ ምልክት ነበር። ጎፈሬ የጀግና ነው፤ ቃሉም የአንበሳ ጋማ ከሚጠራበት «ጎፈር» ጋር ይዛመዳል። ጦረኛው የራሱ ፀጉር አልበቃ ሲለው የአንበሳ ጎፈር ይደፋ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ምስል ያለ ሹሩባቸው አይታሰብም። ሐዘንተኛ ደግሞ ፀጉሩን ይላጫል፤ መነኩሴ ቆብ ይደፋል፤ መሪጌታ ይጠመጥማል።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ ብዙ ዓመት ተምረው የሚካኑት ሙያ በመሆኑ ሽበት የገባበት መሪጌታ ይበልጥ ይፈለጋል እንጂ አይገፋም። በገና ደርዳሪም እንዲሁ ነው፤ ዕድሜ ለጨዋታው ክብደት ይጨምርለታል። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ገና በወጣትነታቸው መንነው ቆብ ደፉ፤ ፒያኖውን ግን ጨርሰው አልተዉትም። በ2023 በኢየሩሳሌም ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። የእሳቸው ሙዚቃ ከመልክና ከፀጉር ጋር አንዳችም ጉዳይ አልነበረውም።

ኤልቪስና አፍሮ

በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ይህ ነገር ተለወጠ። ፊልሙና ሸክላው አዲስ መልክ ይዘው መጡ። ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ ኤልቪስ ፕሪስሊን አብዝቶ ይወድ ስለነበር አለባበሱንና የፀጉር አያያዙን ሳይቀር ተከተለ። «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» የሚለው ስም ዕድሜ ልኩን አልተለየውም። በፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፈነ፤ በ1969 አምሃ እሸቴ ያቋቋመው አምሃ ሬከርድስ የመጀመሪያ ሸክላም የእሱ ነበር። ከዚያ አፍሮው መጣ፤ ሕዝባችንም የውጭውን ቃል ትቶ በራሱ ቃል «ጎፈሬ» አለው። ድምፃዊው አያሌው መስፍን ባንዱን «ጥቁር አንበሳ» ብሎ ሰየመ። የጦረኛው ጋማ በማይክሮፎን ፊት እንደገና በቀለ ማለት ነው።

ፀጉር ለምን ይሸሻል?

በወንዶች ላይ በብዛት የሚታየው የፀጉር መሳሳት በዘር የሚወረስ ነው። ከወንዴ ሆርሞን የሚገኘው ዲኤችቲ የተባለ ንጥረ ነገር የፀጉሩን ሥር ቀስ በቀስ ያጫጨዋል፤ ወፍራሙ ፀጉር መጀመሪያ ይቀጥናል፣ ከዚያ ይጠፋል። ከግንባር ግራና ቀኝ ወይም ከአናት ይጀምራል፤ ማጅራቱ ይተርፋል። ንቅለ ተከላ የሚቻለውም ከዚያ ከተረፈው እየተወሰደ ነው። መጀመሪያ ለደም ግፊት የተሠራው ሚኖክሲዲል በቅባት መልክ፣ ለፕሮስቴት የተሠራው ፊናስቴራይድ ደግሞ በክኒን ሂደቱን ያዘገዩታል፤ ሲቆሙ ግን ጥቅማቸውም አብሮ ይቆማል። ሴቶችን በተለይ የሚጎዳ ሌላ ምክንያት አለ፤ እጅግ ተጠብቆ የሚሠራ ሹሩባና የሚቀጠል ፀጉር የግንባሩን ዳር ለዓመታት እየጎተቱ ይነቅሉታል። ለመድረክ በየጊዜው ፀጉሯን የምትሠራ ድምፃዊት ይህን ጉዳት ቀድማ ልታውቀው ይገባል፤ ሹሩባው በጊዜ ከላላ ፀጉሩ ሊመለስ ይችላልና።

የውጮቹ ሮከሮች የተለያየ መንገድ መርጠዋል። ኤልተን ጆን በ1970ዎቹ መጨረሻ ንቅለ ተከላ ሞከረ፤ ከዚያም ሰው ሠራሽ ፀጉር አደረገ። የአር.ኢ.ኤም. ድምፃዊ ማይክል ስታይፕ በ1990ዎቹ ተላጭቶ ወጣ፤ አድማጩም አልተለየውም። የኤሲ/ዲሲው ብራያን ጆንሰን ያለ ኮፍያው አይታወቅም፤ በ2016 ከኮንሰርት ጉዞ ያስቀረው ግን ጆሮው ነበር። ሐኪሞች ጨርሶ ልትደነቁር ትችላለህ ብለው አስጠንቅቀውት መድረኩን ለቀቀ። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን፤ ሙዚቀኛን ከሥራው የሚያወጣው በመስታወት የሚታየው ጉድለት አይደለም።

የእኛዎቹ እንዴት አረጁ?

ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን የነፋ ሰው ነው። በስተርጅና፣ ሰባኛ ዓመቱን ካለፈ በኋላ፣ ዘ ኤክስ ከተባለ የሆላንድ ፓንክ ሮክ ባንድ ጋር ተጣመረ፤ በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጡ። መድረክ ላይ የጦረኛ ልብስ ለብሶ የአንበሳ ጎፈር ይደፋ ነበር። ይህን እንደ መሸፈኛ ማየት ስህተት ነው፤ የሚነፋው የጀግና ዜማ ነውና የሚደፋውም የጀግና ጎፈር ነበር። በ2008 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ላይ እሱ በ73 ዓመቱ፣ ድምፃውያኑ ዓለማየሁ እሸቴና ማሕሙድ አሕመድ በ67 ዓመታቸው በአንድ ምሽት ተጫወቱ። ዓለማየሁ እስካረፈበት እስከ 2021 ድረስ ስሙ ከመድረክ ጋር ኖረ።

የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ ቀረ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ኪቦርዱን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የድሮ ሥራው በ2013 እንደገና ሲታተም ጣቶቹ ዝግጁ ሆነው ቆዩት፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን ያወጣው ሰባን ካለፈ በኋላ ነው። ሙዚቀኛው ግርማ በየነም ከረጅም ዝምታ ወጥቶ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም ሠራ።

ይህ ዕድል ግን ሁሉንም አልገጠመውም። ድምፃዊውን ጥላሁን ገሠሠን የስኳር በሽታ አንድ እግሩን አሳጥቶት በ2009 በ68 ዓመቱ ዐረፈ። ማሕሙድ አሕመድ ግን በ2025 መጀመሪያ በሚሌኒየም አዳራሽ ሕዝቡን በክብር ተሰናበተ። ሙላቱም በዚያው ዓመት የስንብት ጉዞውን አደረገ። ለብዙ አንጋፋዎች የማይደርሰው ይህ በራስ ፈቃድ፣ በሕዝብ ፊት መሰናበት ነው።

ድምፅና ፀጉር አንድ አይደሉም

የድምፅ አውታሮች በዕድሜ ይደርቃሉ፣ መለጠጣቸውም ይቀንሳል፤ ትንፋሽ ያጥራል። የወንድ ድምፅ ጥቂት ይቀጥናል፣ የሴት ደግሞ ይወፍራል። ለዚህ መፍትሔው ክኒንም ቅባትም አይደለም። የዘፈኑን ቁልፍ ግማሽ ወይም አንድ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ ውኃ መጠጣት፣ በየቀኑ ድምፅን ማሟሟቅ፣ ከድምፅ ማጉያው ፊት ጆሮን መጠበቅ፣ በሁለት ዘፈን መካከል ማረፍ ነው። ስለ እነዚህ ነገሮች ሊያስብ የሚገባው ዘፋኙ ብቻ ሳይሆን ጋባዡም ጭምር ነው።

ስለዚህ የምለው ለደጋሹ ነው፤ ቦንጋም ይሁን ጅማ ወይም አዲስ አበባ። አንድ አንጋፋ ድምፃዊ ስትጋብዙ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ምሽቱ ሳይገፋ አስወጡት። ወንበር አስቀምጡለት። ባንዱ ቀድሞ በእሱ ቁልፍ ይለማመድ። ክፍያውን በእጁ ስጡት እንጂ በጭብጨባ አትሸኙት። ባርኔጣ አድርጎ ቢመጣም፣ ተላጭቶ ቢመጣም፣ ሽበቱን ገልጦ ቢመጣም ምርጫው የራሱ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ጎፈሬው ጥቁር ሳለ የሰጠነውን መድረክ ሲሳሳም አለመንሳት ነው።