የዘገየ የጡንቻ ሕመም

የዘገየ የጡንቻ ሕመም ያልተለመደ ወይም ከወትሮው የበረታ የአካል እንቅስቃሴ ከተደረገ ሰዓታት በኋላ የሚጀምር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚብስ ሕመም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቀው መስቀል አደባባይ፣ ማለዳ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ያረፈዱ ጀማሪዎች በማግሥቱ እግራቸውን ማጠፍ የሚያቅታቸው በዚህ ምክንያት ነው። ይበልጥ የሚጎዳው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው፤ ሲወረድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም ጥቃቅን ክሮቹ ይጎዳሉ። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ላክቲክ አሲድ ግን እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ውስጥ ስለሚቀንስ፣ የማግሥቱን ሕመም አያስረዳም።

የማስታገሻዎች ፍተሻ

ለሕመሙ ፍልውሃ መታጠብ፣ መታሸት፣ ዝንጅብል መጠጣት ይመከራል። ችግሩ ሕመሙ ምንም ባይደረግለትም በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ መልቀቁ ነው። በሦስተኛው ቀን ፍልውሃ የገባ ሰው በአራተኛው ቀን ሲሻለው ምስጋናውን ለውሃው ይሰጣል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ይከፍላሉ፤ አንዱ ቡድን መድኃኒቱን፣ ሌላው መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ባዶ እንክብል ይወስዳል። ማን የቱን እንደወሰደ ተሳታፊውም መዝጋቢውም አያውቅም።

በዚህ መንገድ ከተፈተኑት አንዱ አርኒካ ከተባለ አበባ የሚዘጋጅ የሆሚዮፓቲ እንክብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ጥናት 519 ረጅም ርቀት ሯጮች ተመዝግበው 400ው እስከ መጨረሻው ዘልቀዋል። እንክብሉ ከባዶው የተሻለ ውጤት አላሳየም።

ዝንጅብል የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአሜሪካ ጥናት በቀን 2 ግራም ዝንጅብል ለ11 ቀናት የወሰዱ ሰዎች የክንዳቸው ሕመም ከሌሎቹ በሩብ ገደማ ቀንሷል። ሆኖም መውሰድ የጀመሩት ከእንቅስቃሴው ቀናት ቀደም ብለው ነበር፤ ካመመ በኋላ አንድ ብርጭቆ መጠጣት ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። ከስፖርት በፊትም ሆነ በኋላ ጡንቻን ማሳሳብ ሕመሙን የሚቀንሰው ከመቶ ነጥብ በአንድ ነጥብ ገደማ ብቻ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ መነከር ከዝም ብሎ ማረፍ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ውሃው መቀዝቀዙን ከተነካሪው መደበቅ ስለማይቻል ፍተሻው እንደ እንክብሉ አያስተማምንም።

ሕመሙ ከከፍተኛ እብጠትና ድካም ጋር ከመጣ፣ ሽንትም እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ የጡንቻ ፍርስራሽ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል ወጌሻ ዘንድ ሳይሆን በፍጥነት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።