በማን ስም ይቀደስ?

እሑድ ንጋት ላይ ሲያትል ውስጥ ያስቀደሰ ሰው ይህን ያውቃል። ቅዳሴው ለፓትርያርኩ ወደሚጸለይበት ቦታ ሲደርስ ስም ይጠራል። ከ1984 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ያ አንድ ስም ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ነገር ያስታውቅ ነበር። አቡነ ጳውሎስ፣ ኋላም አቡነ ማትያስ ከተባለ ቤተ ክርስቲያኑ የአገር ቤቱ ሲኖዶስ ነው፤ አቡነ መርቆሬዎስ ከተባለ የስደተኛው ሲኖዶስ ነው። «ገለልተኛ» በሚባሉት ዘንድ የሁለቱም ስም ሳይጠራ ሊታለፍ ይችላል። ሕንፃው ያው ከሌላ እምነት ሰዎች የተገዛ ወይም የተከራየ አዳራሽ ነው፤ ዜማው ያው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ጾሙ፣ በዓሉ፣ ጠበሉ አንድ ነው። ልዩነቱ ስሙ ላይ ነበር።

ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ በዲቪ የመጣ ወጣት ቅርብ ያለው ቤተ ክርስቲያን የት እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ያሳረፉት ዘመዶቹ «እዚያ አትሂድ፤ የእነ እገሌ ነው» ይሉት ነበር። ሬይኒር ጎዳና አካባቢ የሚኖር ምእመን በደጁ ያለውን ትቶ ወደ ሌላ ሰፈር ይነዳል። ክፉው ቀን ግን የለቅሶ ቀን ነበር። አባት የአንዱ፣ ልጅ የሌላው አባል በሆነበት ቤት ሐዘኑ ሳይበርድ ፍትሐቱ የት ይደረግ የሚል ሙግት ይነሣል። ዕድሩ አንድ፣ ድንኳኑ አንድ፣ እንጀራው አንድ ሆኖ ሳለ ካህናቱ ባንድ ላይ አይቆሙም። አስከሬን ፊት እንዲህ ያለ ሙግት የሰማ ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

የነገሩ መነሻ የሚታወቅ ነው። አቡነ መርቆሬዎስ በነሐሴ 1980 ዓ.ም. አራተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባበት በ1983 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ። አገር ቤት የቀረው ወገን በሕመም ምክንያት በራሳቸው ፈቃድ ለቀቁ አለ፤ እርሳቸውና ደጋፊዎቻቸው በመንግሥት ግፊት ተባረርን አሉ። በሐምሌ 1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ አምስተኛው ፓትርያርክ ሲሆኑ፣ የምዕራቡ ዓለም ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ይስሐቅ ሹመቱን አልቀበልም አሉ። ቀስ በቀስም አቡነ መልከ ጼዴቅን የመሳሰሉ አባቶች በአሜሪካ የተሰባሰቡበት ሲኖዶስ ቆመ። ሲያትልን ጨምሮ ኢትዮጵያዊ በብዛት ባለበት ከተማ ሁሉ ምእመኑ ሦስት ቦታ ተከፈለ።

የስደተኛው ወገን ዋና ማስረጃ ከባድና ቀጥተኛ ነበር፤ ፓትርያርክ በሕይወት እያለ በላዩ ሌላ ፓትርያርክ አይሾምም። ቀኖናው ይህ ነው። እኔም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን በየካቲት 1968 ዓ.ም. ደርግ ሁለተኛውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን አውርዶ ሲያስር፣ በዚያው ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሦስተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። አቡነ ቴዎፍሎስ ያኔ በሕይወት ነበሩ፤ የተገደሉት በ1971 ዓ.ም. ነው። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ምክንያት የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሹመት አልቀበልም አለች። አቡነ መርቆሬዎስ የተሾሙት ደግሞ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት መንበር ነው። ታዲያ ያ ቀኖና በ1984 ተጣሰ ብሎ በየአደባባዩ የሚከራከር ሰው፣ በ1968 መጣሱን ለምን በአንድ ቃል አያነሣም?

በሌላው በኩል ያለውም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። አቡነ መርቆሬዎስን በደርግ ዘመን ሸንጎ ገብተዋል ብሎ የሚከሳቸው ሰው፣ በእርሳቸው ቦታ የተተኩት አባት በአዲሱ መንግሥት ጥላ ሥር መሾማቸው ሲነሣበት «ቤተ ክርስቲያንን በፖለቲካ አትበክሉ» ይል ነበር። የመንግሥት እጅ የሚታየን ሌላውን ሲነካ ብቻ ነው። የኤርትራው ፓትርያርክ አቡነ እንጦንዮስ በመንግሥታቸው ጫና ወርደው በ1999 ዓ.ም. ሌላ ሲሾምባቸው ስንቱ ኢትዮጵያዊ ተቆጣ! ቁጣው ትክክል ነበር፤ አቡነ እንጦንዮስ እስከ ዕረፍታቸው ድረስ በቁም እስር ቆዩ። ከዚያ ቁጣ እኩሌታው እንኳ ወደ ራሳችን ታሪክ ሲዞር አላየሁም።

ወገንተኛነቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅባትና ጸጋ፣ ካራና ሦስት ልደት በተባባሉበት ዘመን የነገረ መለኮቱ ክርክር ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከትግሬ፣ ከጎንደር ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ እስኪጠሩ ድረስ ሰው በአገሩ ልክ ባህርየ ክርስቶስን ይከራከር ነበር። ያኔ ግን ቢያንስ የሚከራከሩት መጻሕፍቱን የተማሩ ሰዎች ነበሩ።

በአሜሪካ መለያየቱን ያጸናው ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ምእመን ልብ አይለውም። እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን በሕግ ፊት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። በስቴቱ ይመዘገባል፤ ቦርድና መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የሕንፃው ባለቤትነት በድርጅቱ ስም ነው። ፍርድ ቤት የሃይማኖት ክርክር ውስጥ አይገባም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 በሰርቢያ ኦርቶዶክስ ጉዳይ፣ ቤልግሬድ ያለችው እናት ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ የነበሩትን ጳጳስ ስትሽር የራሷን ሥርዓት በትክክል ተከትላለች ወይ ብሎ የኢሊኖይ ፍርድ ቤት ሊመረምር አይችልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ በአንድ የጆርጂያ ቤተ ክርስቲያን የንብረት ክርክር፣ ዳኞች የባለቤትነት ሰነዱንና የተቋሙን ደንብ አንብበው እንደ ማንኛውም ንብረት ሊወስኑ እንደሚችሉ ፈቀደ።

ይህ ለእኛ ምን አመጣ? የደንቡን አንቀጽ የጻፈ ሕንፃውን ያዘ። ስለዚህ የየትኛው ሲኖዶስ እንደሆኑ ወይም የማንም እንዳልሆኑ በደንባቸው ውስጥ የጻፉ አጥቢያዎች ብዙ ናቸው። የማን ስም ይጠራ የሚለው የመንፈስ ጥያቄ የቦርድ ምርጫ ሆነ፤ የቦርድ ምርጫው ደግሞ ማን አባል ነው፣ የወር መዋጮውን ማን ከፍሏል፣ ማን ድምፅ ይሰጣል ወደሚል የስም ዝርዝር ወረደ። ክርክሩ ከጠቅላላ ጉባኤ አልፎ ጠበቃ ቢሮ የደረሰበት ጊዜ ብዙ ነው። ለሕንፃ ግዢ በታክሲ መሪ ላይ አድረው፣ በኤርፖርት የሌሊት ፈረቃ ቆመው ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ገንዘባቸው ለጠበቃ ሲወጣ ቆመው አዩ።

ከዚያ በኋላ ነው ክርክሩ ወደ ኢንተርኔት የገባው። መጀመሪያ ፓልቶክ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ በማይክ ተራ እየተጠበቀ ይሰዳደቡበት ነበር። ቀጥሎ ፌስቡክና ዩቲዩብ፣ አሁን ደግሞ ቲክቶክ። ሲያትል ለዚህ ነገር ሩቅ አይደለችም፤ ፌስቡክ ከካሊፎርኒያ ውጭ የመጀመሪያውን የምህንድስና ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2010 የከፈተው እዚህ ነው። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር የኢትዮጵያን ስም አንሥታለች። እርሷ ባወጣቻቸው ሰነዶች መሠረት ኩባንያው በአንድ ወቅት የቁጣ ምልክትን ከአንድ ላይክ 5 እጥፍ ክብደት ይሰጠው ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ የአንድን ጳጳስ ስብከት ሰምቶ «አሜን» ብሎ ላይክ ያደረገውና «ካድሬ» ብሎ የቁጣ ምልክት ያስቀመጠው ሰው እኩል አልተቆጠሩም።

ቅዳሜ ሌሊት አንድ ላይቭ ገብታችሁ ተመልከቱ። ነጠላውን ያጣፋ ሰው ከመስቀልና ከሥዕለ አድኅኖ ፊት ተቀምጦ ስለ አንድ አባት ኑሮ፣ ስለ ገንዘባቸው፣ ስለ ብሔራቸው ይናገራል። ከታች «መናፍቅ»፣ «ተሐድሶ»፣ «ወያኔ»፣ «ፅንፈኛ» የሚሉ ኮሜንቶች ሳያቋርጡ ይወርዳሉ። በመሐል የስጦታ ምልክት ብልጭ ይላል፤ ተናጋሪው ሰጪውን በስሙ ጠርቶ ይመርቃል። ስድቡ በበረታ ቁጥር ሰው ይበዛል፤ ሰው በበዛ ቁጥር ስጦታው ይበዛል። ከተመልካቾቹ መካከል በማግስቱ ጧት ጫማውን አውልቆ ቅዳሴ የሚገባ አለ፤ የሚቆርብም አለ። ወንድሙን በአደባባይ መናፍቅ ብሎ ያደረ ሰው ለንስሐ አባቱ ይህን እንደ ኃጢአት ይናገር ይሆን? እስከሚገባኝ ድረስ ብዙዎች ይህን እንደ አገልግሎት ነው የሚቆጥሩት፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝም ይህ ነው።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ዕርቁ ሲወርድ ብዙ ሰው አለቀሰ። በ2005 ኅዳር ዳላስ ላይ የተደረገው ንግግር ከሽፎ፣ በየካቲት አቡነ ማትያስ ስድስተኛው ፓትርያርክ ሆነው ስለ ተሾሙ ተስፋ የቆረጠው ብዙ ነበር። አሁን ግን ውግዘቱ ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስ ሐምሌ 25 ቀን ወደ አገራቸው ገቡ፤ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን እየመሩ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ የሁለቱም ስም በአንድ ቅዳሴ ተጠራ። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ከስደተኛ ክፍሏ ጋር ለመታረቅ ከ80 ዓመት በላይ ፈጅቶባት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተሳካላት፤ የእኛ በ26 ዓመት መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

ዕርቁ ግን የጳጳሳት ዕርቅ ነበር። በምእመኑ አፍ ላይ ያለው ሚዛን አልተነካም፤ ይህም ወዲያው ታየ። በ2013 ዓ.ም. የትግራዩ ጦርነት ሲካሄድ አቡነ ማትያስ በቪዲዮ ቀርበው በትግራይ የሚፈጸመውን ግፍ አወገዙ፤ እንዳልናገርም ተከልክዬ ነበር አሉ። እኚህ አባት በደርግ ዘመን በስደት ሆነው መንግሥትን ሲያወግዙ ጀግና የተባሉ ናቸው። «ፓትርያርኩ ለምን መንግሥትን አይገሥጹም» ብሎ ለ20 ዓመት ሲጮህ የኖረ ዲያስፖራ፣ አሁን ሲገሥጹ በዘራቸው ሰደባቸው። በንግግራቸው የተዘነጋ ወገን አለ ብሎ መተቸት መብት ነው፤ ሰውም የተቸው ነበር። ግን ትችቱ ስንቱ ዘንድ ነው ከብሔር ስድብ የጸዳው? በአንጻሩ በትግራይ የሞተውን ያነሡ የነበሩ ብዙዎች ስለ ማይካድራ ሟቾች አንድ ቃል አልወጣቸውም። ሁለቱም ወገን ክርስቲያን ነው፤ ሁለቱም ያነባው ለራሱ ሙት ብቻ ነው።

ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ሲኖዶሱ በአራት ቀን ውስጥ አወገዛቸው። በነነዌ ጾም ምእመኑ ጥቁር ለብሶ ወጣ፤ ሻሸመኔ ላይ ሰው ሞተ፤ የሲያትልም ምእመን ጥቁር ለበሰ። ሹመቱ ከቀኖና ውጭ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በጥር 1999 ዓ.ም. የስደተኛው ሲኖዶስ እንዲሁ ያለ አገር ቤቱ ሲኖዶስ ፈቃድ አሜሪካ ውስጥ 13 ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾም ያጨበጨበው ሰው፣ የወሊሶውን ሲያወግዝ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ማስረዳት አለበት። ልዩነት የለም አልልም፤ የወረደ ፓትርያርክ በሕይወት ነበሩ የሚል መልስ አለ። መልሱን የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው፤ አብዛኛው «ያኔ እኛ ነበርን» ከማለት አያልፍም። በ1999 ያወገዘውስ ቢሆን? በ2010 እነዚያኑ ጳጳሳት በዕርቅ ተቀበለ፤ በ2015 ግን የወሊሶዎቹ ያነሡት በአፋን ኦሮሞ የመገልገል ጥያቄ የሚደመጥበት መድረክ አልጠየቀም።

አሁን ተራው የትግራይ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፓትርያርኩ የመሩት ልዑክ መቀሌ ደርሶ ተቀባይ አጣ፤ ቀጥሎም አክሱም ላይ አዲስ ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ። በአሜሪካ ከተሞች የተጋሩ ምእመናን የራሳቸውን አጥቢያ ማቋቋም ከጀመሩ ቆይቷል፤ ከ1984 በኋላ ያየነው ሁሉ፣ ስሙም ቦርዱም ሕንፃውም፣ ከአዲስ ተጀምሯል።

የሲያትል ሰበካ ጉባኤዎች በዚህ ላይ የሚያደርጉት ነገር አለ፤ አዲስ አበባንም መቀሌንም መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደ ምእመን ሲሞት የሁሉም አጥቢያ ካህናት በፍትሐቱ ላይ አብረው እንዲቆሙ መስማማት ይቻላል። አባል ነህ አይደለህም ብሎ ሰው የሚያስወጣውን የደንብ አንቀጽ ማረም የሚፈልገው የጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ብቻ ነው። በአጥቢያው ስም ላይቭ የሚገባ አገልጋይ ካለ ደግሞ፣ ስለ ሌላው ወገን የተናገረውን ስለ ራሱ ወገን አንድ ዓመት ተመልሶ ይናገረው፤ መድረኩ ከዚያ በኋላ ይሰጠው።