በአንድነት ቴአትር ስለሚሠሩ መንታ እኅትማማቾች

ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሣሉ፤ ሁለቱም የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ መፍሰሻ ስላለው፥ ርብን ጉማራ ብሎ የሚጠራ የወረታ ሰው የለም። ከአንድ ማሕፀን የሚወለዱ መንታ ልጆች ግን ይህን ያህል ዕድል ብዙ ጊዜ አያገኙም። አንድ ዐይነት ልብስ ይለብሳሉ፤ «መንቶቹ» ተብለው ባንድ ስም ይጠራሉ፤ አንዲቱ ስታጠፋ ሁለቱም ይገሠጻሉ። ስለዚህ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ፥ በአንድነት ቴአትር እየሠሩ ስላደጉ መንታ እኅትማማቾች ጥቂት ለመግለጽ አሰብን። ነገሩ የተደረገው በሩቅ አገር ቢሆንም ትምህርቱ ለኛም ቤት የሚሆን ነው።

በአገራችን በዘመናዊው ቴአትር መጀመሪያ ጊዜ የሴቶቹን ክፍል ወንዶች ሴት መስለው ይጫወቱ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ ጊዜው እየተለወጠ ሄዶ፥ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች በመድረክ ቆመው ሊከበሩ በቁ። ዛሬ ሴት ልጅ ቴአትር ብትሠራ የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያሳስበው በምን ሥርዐት እንደምትሠራ ነው።

በአሜሪካ አገር ሜሪ ኬትና አሽሊ ኦልሰን የተባሉ መንታ እኅትማማቾች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. ጁን 13 ቀን ተወለዱ። ገና ዓመት ሳይሞላቸው «ፉል ሀውስ» በተባለው የቴሌቪዥን ጨዋታ ተቀጥረው፥ ሚሼል የምትባለውን ሕፃን ሁለቱ እየተፈራረቁ ተጫወቱ። ይኸውም ከ1987 እስከ 1995 ዓ.ም. ታየ። ለአንዲት ሕፃን ክፍል ሁለት ልጆች የተመረጡበት ምክንያት ከሕግ የመጣ ነው። በካሊፎርንያ ሕፃን በሥራ ቦታ የሚቆይበት ጊዜ በዕድሜው ልክ የተወሰነ ነው፤ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በቀን ከ20 ደቂቃ በላይ ሊሠራ አይፈቀድለትም። መንታ ሲሆኑ ግን አንዲቱ ስታርፍ ሌላይቱ ትተካለችና ሥራው አይቋረጥም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ስለ ስማቸው የተደረገው ነገር ነው። የተጫዋቾች ስም ሲጻፍ፥ ተመልካቹ ሁለት መሆናቸውን እንዳያውቅ ለብዙ ዓመት «ሜሪ ኬት አሽሊ ኦልሰን» ተብሎ የአንዲት ልጅ ስም መስሎ ይጻፍ ነበር። በመካከሉ «እና» የምትለው ትንሽ ቃል የገባችው በመጨረሻው ዓመት ነው። ሁለት ሰዎች ሠርተው እንደ አንድ ሰው መቈጠር እንዴት ከባድ እንደ ሆነ፥ መንታ ልጆች ያሉት ወላጅ ያስተውለው።

በ1993 ዓ.ም. ድዋልስታር የሚባል ኩባንያ ስለ እነርሱ ሥራ ተቋቋመ፤ በ2004 ዓ.ም. 18 ዓመት ሲሞላቸው አስተዳደሩን ራሳቸው ያዙ። በዚያው ዓመት የታየው «ኒው ዮርክ ሚኒት» አብረው የሠሩት የመጨረሻ ፊልም ሆነ። በ2006 ዓ.ም. «ዘ ሮው» የተባለውን የልብስ ንግድ አቆሙ። የቀድሞው ጨዋታ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ስም ሲታደስም ሁለቱም ሳይመለሱ ቀሩ። የፎገራ ገበሬ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ጠምዶ ያርሳል፤ ሲመሽ ግን ይፈታቸዋል። እነዚህ እኅትማማቾች ከቴአትሩ ቀንበር ሲፈቱም በገዛ ፈቃዳቸው አብረው መሥራታቸውን አልተዉም።

ቲያና ታሜራ ማውሪ የተባሉት መንቶች ደግሞ በ1978 ዓ.ም. በጀርመን አገር ተወልደው በአሜሪካ አደጉ። ከ1994 እስከ 1999 ዓ.ም. በታየው «ሲስተር ሲስተር» በተባለው ጨዋታ፥ በሕፃንነታቸው ለሁለት ቤት በማደጎ ተሰጥተው ከብዙ ዓመት በኋላ በልብስ መደብር በድንገት የተገናኙ እኅትማማቾችን ተጫወቱ። በዚህ ጨዋታ ግን ለእያንዳንዳቸው የተለየ ስምና የተለየ ጠባይ ተሰጥቶ ነበር፤ አንዲቱ ትምህርት ወዳድ፥ ሌላይቱ ቀልድ ወዳድ ነበረች። በኋላም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ያዙ።

ገንዘቡን በሚመለከት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ጃኪ ኩገን የተባለው ልጅ በ1921 ዓ.ም. ከቻርሊ ቻፕሊን ጋራ ተጫውቶ ዝናው ወጣ፤ በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላርም አገኘ። አካለ መጠን ሲደርስ ግን ገንዘቡን እናቱና የእንጀራ አባቱ አጥፍተውት ስለ ነበረ በ1938 ዓ.ም. ከሰሳቸው፤ የደረሰውም 126 ሺሕ ዶላር ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ካሊፎርንያ በ1939 ዓ.ም. ሕግ አወጣች፤ በ2000 ዓ.ም. ከተሻሻለ ወዲህም ከልጁ ደመወዝ ከመቶ 15 እጅ ለልጁ ተለይቶ ይቀመጣል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይወስናል።

እንግዲህ መንታ ሴቶች ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ሆይ፥ ሦስት ነገር እናሳስባችኋለን። አንደኛ፥ ልጆቻችሁን በየስማቸው ጥሩ። ሁለተኛ፥ አብረው ሠርተው ያገኙትን የእያንዳንዳቸውን ድርሻ ለይታችሁ ጻፉ። ሦስተኛ፥ አንዲቱ ሥራውን ልተው ብትል ሌላይቱን ምክንያት አድርጋችሁ አታስገድዷት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያብረው እያንዳንዱ ክር ለብቻው በሚገባ የተፈተለ ሲሆን ነው።